ሲመሽ የምትታይ መስኮት

ዛሬ ላካፍላችሁ የወደድኩት ነገር ከአንዲት የመጋቢ ሚስት የምትጠብቁት ላይሆን ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የከተማችንን ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት ልጽፍላችሁ ነው። ‹‹ይህ ደግሞ ከቤተሰብና ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን ያገናኘዋል?›› የምትሉ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ተጓዙ።

ለብዙ ዓመታት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በካዛንቺስ የእህቶች የጸሎት ኅብረት ነበረን። ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ስታዲየም በእግሬ እወርድና ታክሲ ወይም ባቡር እይዛለሁ። ወንድሜ ከባሕር ማዶ ለዕረፍት ሲመጣ ያገለገለ ካኖን ካሜራውን ትቶልኝ ሄዶ ነበርና፣ በዚያ መንገድ ላይ የማየውን ማንሳት ጀመርኩ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ምሽት ነበር። ምሽትን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ጸሎቱ የሚያልቀው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን ጌታ በዚያ ሰዓት እንዳልፍ ያደረገኝ በምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃያ ደቂቃ ብቻ

ፎቶግራፍ አንሺዎች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ጊዜ ‹‹ሰማያዊው ሰዓት›› ይሉታል። ሰዓት ይባል እንጂ በእኛ አገር ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይከተላታል። በስዊድን ወይም በኖርዌይ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሰኔ ወር ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶም ደጁ ብርሃን እንደሆነ ይነግሩናል። እኛ ግን ሻይ አፍልተን እስክንጠጣ ድረስ መሽቶ ያድራል። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ ሲሆን፣ በሐምሌ ደግሞ እስከ 12፡50 ገደማ ትዘገያለች። የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልብ በሉ። የቀኑ 12 ሰዓት ሲያልቅ ፀሐይዋም ሥራዋን ትጨርሳለች።

በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ምን ይሆናል? የሰማዩ ብርሃን በየደቂቃው እየደከመ ይሄዳል፤ በየቤቱ የበራው አምፖል ግን ብርታቱን አይለውጥም። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ቤትን ከውጭ ብታዩት መስኮቱ ጥቁር ነው፤ በውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አታውቁም። ጨለማው ከገባ በኋላ ደግሞ የሚታየው መብራቱ ብቻ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ይሰወራል። በሁለቱ መካከል ግን የሰማዩ ብርሃንና የቤቱ ብርሃን እኩል የሚሆኑበት አጭር ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የበራችውን መስኮትና በውስጧ የተቀመጠውን ሰው በአንድነት ታያላችሁ። የምሽት ፎቶግራፍ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ የካሜራው ዓይን አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም አራት ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራውን በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ አደርጋለሁ፤ መቆሚያው ከሌለኝም በግንብ ላይ ቦርሳዬን አነጥፍና በላዩ አስቀምጠዋለሁ። በክረምት ዝናቡ ካባራ በኋላ አየሩ ይጠራል፤ እርጥቡ አስፋልትም መብራቶቹን እንደ መስታወት ይመልሳቸዋል። በበጋ አቧራውና ጭሱ ሰማዩን ያደበዝዘዋል። በተለይ ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. የደረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ ቆሻሻ በየሰፈሩ ሲቃጠል፣ የከተማው ምሽት በጭስ ተሸፍኖ ያልፋል።

ከካዛንቺስ እስከ ስታዲየም

ያ መንገድ አጭር ቢሆንም ብዙ ታሪክ አለው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ‹‹ካሴ ኢንቺስ›› ይባሉ የነበሩት ቤቶች፣ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆኑ የተሠሩ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ስሙ ግን በሕዝባችን አፍ ተለውጦ ቀረ። ቤት የሠሪው ብቻ ሆኖ እንደማይቀር፣ በውስጡ ያበሰሉት፣ የወለዱት፣ የጸለዩት ሰዎች ጭምር እንደሚሆን ይህ ሰፈር ጥሩ ምስክር ነው።

ቁልቁል ሲወርዱ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በውስጡ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። በውስጡ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የባለ ቀለም መስታወት ሥራ ይገኛል። በነገራችን ላይ ባለ ቀለም መስታወት በቀን ከውጭ ሲያዩት ጨለም ያለ ነገር ነው። ቀለሙን የሚያየው ብርሃን ከወዲያ በኩል ሲመጣለት፣ በወዲህ በኩል የቆመ ሰው ነው። ስለ ብዙ ሰዎችም እንዲህ ማለት ይቻላል።

መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ስታዲየም ይመጣል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው በዚህ ሜዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡርም በአጠገቡ በድልድይ ላይ ያልፋል። በምሽት ባቡሩ ሲያልፍ የካሜራው ዓይን ለጥቂት ሰከንዶች ተከፍቶ ከቆየ፣ መስኮቶቹ ተያይዘው እንደ አንድ ረጅም የብርሃን ጥብጣብ ይወጣሉ። ከስታዲየም አካባቢ ቀና ያለ ሰው የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ያያል። ይህ ሕንፃ በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ 209 ሜትር ነው፤ ሲመረቅም በምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ተብሎለት ነበር። ምሽት ላይ በመብራት ሲያሸበርቅ በእርግጥም ያምራል። የሰው ልጅ ከእግዚአብሔር የተሰጠውን ጥበብ ተጠቅሞ የሠራውን መልካም ነገር ማድነቅ ኃጢአት አይደለም። እኔም ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ።

ለጀማሪዎች አንድ ምክር ጣል ላድርግ። በዚህ አካባቢ ቤተ መንግሥት አለ፤ ሌሎች ፎቶ ማንሳት የማይፈቀድባቸው ሥፍራዎችም አሉ። ስለዚህ ካሜራዬን ከማውጣቴ በፊት ጥበቃዎቹን ሰላም ብዬ እጠይቃለሁ። ‹‹አይቻልም›› ሲሉኝ አመስግኜ አልፋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ‹‹እስቲ አሳዪን›› ብለው ፎቶውን አብረውኝ ያያሉ፤ ከእነርሱም ጋር መልካም ወዳጅነት መሥርተናል።

ሁለት ብርሃን በአንድ ፎቶ

ከካዛንቺስ የውስጥ መንደሮች ሆኜ ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ሳነሳ አንድ ችግር ሁልጊዜ ይገጥመኝ ነበር። ከፊት ለፊቴ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው አነስተኛ ቤቶች አሉ፤ ከበስተኋላ ደግሞ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በመብራት ደምቀው ይታያሉ። ካሜራውን በደማቁ ሕንፃ ልክ ሳስተካክለው ሕንፃው አምሮ ይወጣል፤ ትንንሾቹ ቤቶች ግን ድቅድቅ ጨለማ ይሆናሉ፤ በዚያ ሰው የሚኖር አይመስልም። ለትንሿ መስኮት ሳስተካክለው ደግሞ መስኮቷ ትታያለች፤ ትልቁ ሕንፃ ግን ነጭ እሳት ይሆናል።

ካሜራ በራሱ ማንንም አይንቅም። የሚያየው በተሰጠው መለኪያ ልክ ነው። መለኪያችሁን በደማቁ ላይ ካደረጋችሁ፣ ትንሹ ብርሃን ባይጠፋም ለእናንተ ጨለማ ይሆንባችኋል። በቤተሰብም፣ በቤተ ክርስቲያንም ሁኔታው ይኸው አይደለም? በቤታችን ጎበዝ ተማሪ የሆነው ልጅ ሲደምቅ ዝምተኛዋ ልጅ ትሰወራለች። በጉባኤ መድረክ ላይ ያለው አገልጋይ ሲደምቅ፣ ወንበሩን የምታጸዳዋ እናት አትታይም። ሁለቱም የሚታዩበት አጭር ጊዜ ግን አለ። ያን ጊዜ ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህን በተግባር ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

የእናታችን መስኮት

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት የሚነሱ ቤቶች ተለይተው ታወቁ። ከእህቶች ኅብረታችን አሥራ አንድ ቤተሰቦች የሚነሱ ሆኑ። ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳር መንደሮች እንደሚሄዱ ተነገራቸው። የዚያ ሰሞን የረቡዕ ጸሎታችን እንደ ወትሮው አልነበረም። አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ለዓመታት ከጎረቤት ጋር በጋራ የተጠቀሙበትን መጸዳጃ ትተው ውኃና መታጠቢያ ያለው ቤት ሊገቡ ነው። አንዳንዶቹ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ስለ እድራቸው፣ በደጃቸው ይሸጡት ስለነበረው እንጀራ ይጨነቃሉ። ብዙዎቹ ሁለቱም ስሜት በአንድ ጊዜ ነበረባቸው።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ‹‹እማማ›› የምንላቸው እናት፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ጎን ጠሩኝ።

‹‹ልጄ፣ ያ ካሜራሽ አለ?›› አሉኝ።

‹‹አለ እማማ።››

‹‹እንግዲያው ቤቴን አንሺልኝ። አሁን ግን አይደለም። ሲመሽ፣ መብራቱ ሲበራ ነው የማስነሳሽ።››

‹‹በቀን አይሻልዎትም? ግድግዳውም በሩም በደንብ ይታያል›› አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ግድግዳውንማ የቀበሌው መዝገብ ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው መስኮቴን ነው። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ኅብረቱ እኔ ቤት ነበር። ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መስኮቱን በብርድ ልብስ እንጋርደው ነበር። መዝሙሩንም በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ ሌሎቻችን እንጸልያለን። ጌታ ያን ዘመን አሳለፈልን። ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱን ለአልጋዬ መለስኩት። ግን እኔ ሁልጊዜ ውስጥ ስለሆንኩ፣ መብራቴ ወደ ውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም። ሳይፈርስ አንድ ጊዜ ልየው።››

ምን እንደምመልስላቸው ጠፋኝ። ስለ ስደቱ ዘመን ብዙ ስብከትና ምስክርነት ሰምቻለሁ፤ ወንድሞችና እህቶች በየቤቱ በድብቅ እየተሰበሰቡ ወንጌልን እንዴት እንዳቆዩልን አውቃለሁ። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ረቡዕ ረቡዕ ሻይ የምጠጣበት ቤት እንደሆነ፣ መስኮቱም ያ መስኮት እንደሆነ ግን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር። እርሳቸውም ተናግረውት አያውቁም።

በማግስቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ግማሹ በፈረሰ አጥር አጠገብ መቆሚያዬን ተከልኩ። ፀሐይ በ12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጠለቀች። ሰማዩ ወደ ሰማያዊ መለወጥ ሲጀምር እማማ መብራታቸውን አበሩ፤ መስኮቷም ቦግ አለች። የካሜራውን ቁልፍ ልጫን ስል የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

ከሃያው ደቂቃ አምስቱ አለፈ፤ አሥሩ አለፈ። ከበስተኋላ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች እንደበሩ ናቸው፤ እኛ ያለንበት መንደር ግን ጨልሟል። ‹‹እማማ፣ ነገ እንሞክረው ይሆን?›› ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ጥቂት ቆይተው ሻማ ይዘው መጡና በመስኮቱ ደፍ ላይ አቆሙት። ከዚያም ከጎኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። ‹‹ያኔም ከሻማ በቀር ምን ነበረን?›› አሉኝ።

የካሜራውን ዓይን ለአራት ሰከንድ ከፈትኩት። ሰማዩ የቀረችውን ሰማያዊ ብርሃን፣ ሻማውም የራሱን ቢጫ ብርሃን ሰጡ። በፎቶው ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ይታያል፤ የተላጠው ግድግዳም ይታያል፤ ከሩቅ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች አሉ። በመካከላቸው አንዲት መስኮት፣ በመስኮቷም ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ፎቶውን በካሜራው ጀርባ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያም ‹‹ለካ ከመንገድ ይታያል!›› አሉ።

ቤቱ ከሳምንት በኋላ ፈረሰ።

ደቀ መዛሙርቱ ያዩትና ጌታ ያየው

ያን ሰሞን በማርቆስ ወንጌል ውስጥ አንድ ነገር አዲስ ሆኖ ታየኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን መምህራኖቻችን፣ የምዕራፍ ክፍፍሉ ከብዙ ዘመን በኋላ የገባ ስለሆነ ከምዕራፉ በፊትና በኋላ ያለውን አያይዛችሁ አንብቡ ይሉን ነበር። ማርቆስ 12 የሚያበቃው ጌታ ኢየሱስ በመቅደሱ መዝገብ ፊት ተቀምጦ፣ አንዲት ድሃ መበለት ሁለት ትንንሽ ሳንቲሞች ስትጥል በማየቱ ነው። ብዙ ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ እየጣሉ ነበር፤ እርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ እርሷን አሳያቸው። ማርቆስ 13 ደግሞ የሚጀምረው፣ ከዚያው ከመቅደስ ሲወጡ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በድንጋዮቹና በሕንፃዎቹ ታላቅነት ተደንቆ ጌታን ‹‹እይ›› በማለቱ ነው። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው የምዕራፍ ቁጥር ብቻ ነው።

ሥፍራው አንድ ነው። ጌታ መበለቲቱን አሳያቸው፤ እነርሱም መልሰው ድንጋዩን አሳዩት። የሄሮድስ መቅደስ በእርግጥም ታላቅ ሕንፃ ነበር። ነገር ግን ጌታ እንደተናገረው በ70 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሮማውያን እጅ ፈረሰ። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲሞች ግን እነሆ እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል።

ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ በማርቆስ 11፡11 ላይ ያለው ደግሞ ይበልጥ ነካኝ። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም በገባበት ቀን ወደ መቅደስ ገብቶ ዙሪያውን ሁሉንም ነገር ተመለከተ፤ ጊዜው መሽቶ ስለነበርም ከአሥራ ሁለቱ ጋር ወደ ቢታንያ ሄደ ይላል። በዚያ ምሽት አላስተማረም፤ አልፈወሰም። ዙሪያውን ተመለከተ ብቻ ነው የተባለው። ሊፈርስ ያለውን ሕንፃ፣ በውስጡም ያሉትን ሰዎች በምሽት ብርሃን ቆሞ ያየ ጌታ አለን። በካዛንቺስ መንገድ ላይ ካሜራዬን ይዤ ስቆም ይህን ማሰብ ያጽናናኛል።

የቆየ ይቀራል

ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሉዊ ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ በ1838 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፓሪስ ከተማ አንድ ሰፊ ጎዳና ከመስኮት አንስቶ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶ ለመቅረጽ ካሜራው ለደቂቃዎች ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። መንገዱ በሰውና በሠረገላ የተሞላ ቢሆንም፣ የሚያልፉት ሁሉ ስለማይቆሙ ፎቶው ላይ ምንም ምልክት አልተውም፤ ጎዳናው ባዶ ሆኖ ወጣ። ይሁን እንጂ በአንድ ጥግ አንድ ሰው ጫማውን እያስጠረገ ቆሞ ነበር። በዓለም ላይ በፎቶግራፍ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል የሚቆጠሩት ይህ ሰውና ሊስትሮው ናቸው። ባለ ሠረገሎቹ አልፈው ጠፉ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማ የሚጠርገው ግን ቀረ።

በእማማ ፎቶም የሆነው ይኸው ነው። በእነዚያ አራት ሰከንዶች ልጆች በመስኮቷ ፊት ሮጠው አልፈዋል፤ ዕቃ የተሸከመ ሰውም አልፏል። በፎቶው ላይ አንዳቸውም የሉም። እማማ ግን ተቀምጠው ስለቆዩ አሉ። እኔ ራሴ ከዚህ የተማርኩት ስለ አገልግሎት ነው። ለሰው አለሁልህ ማለት በአጠገቡ መቆየትን ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ደርሰን አምስት ደቂቃ ተቀምጠን ስንወጣ በዚያ ቤተሰብ ልብ ምን ያህል እንቀራለን? የኤማሁስ መንገደኞች ቀኑ መሽቷልና አብረኸን እደር ብለው ጌታን ሲለምኑት እርሱ ገባ፤ አብሯቸውም በማዕድ ተቀመጠ። ዓይናቸው የተከፈተው በመንገዱ ላይ ሳሉ ሳይሆን በዚያ ማዕድ ነው (ሉቃስ 24፡29-31)።

አሥራ አንዱ ቤተሰቦች

ከእማማ በኋላ የቀሩት ቤተሰቦችም ጠየቁኝ። ቤቶቹ እስከሚፈርሱ ባሉት ምሽቶች የዘጠኙን በብርሃን ማንሳት ቻልኩ፤ ሁለቱ ቀድመው ወጥተው ነበር። ፎቶዎቹን አሳትሜ፣ ከጀርባቸው የቤተሰቡን ስም፣ በዚያ ቤት የኖሩበትን ዘመንና በቤቱ የተመለሰ አንድ የጸሎት መልስ ራሳቸው እንዲጽፉበት አደረግን። አንዷ እህት የልጇን ከሕመም መዳን ጻፈች። ሌላዋ ባሏ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰበትን ምሽት ጻፈች።

እማማ አሁን በምድር ቤት ባለ አንድ መኝታ ቤት ይኖራሉ። ውኃው በቤታቸው ነው፤ ደረጃ ባለመውጣታቸውም ጌታን ያመሰግናሉ። ፎቶውን በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። አዲሷ ጎረቤታቸው ቡና ልትጠጣ ገብታ ‹‹ይህች መስኮት ምንድን ናት?›› ብላ ስትጠይቃቸው ታሪኩን ነገሯት። ጎረቤታቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሴት ይዛ መጣች። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አምስት ሆነው ይጸልያሉ። መጋረጃቸውን ከፍተው ነው የሚጸልዩት።

ነገር ግን ሁሉም ነገር እንዲህ በምስጋና አልተዘጋም። ቀድመው ከወጡት ሁለት ቤተሰቦች መካከል የአንደኛውን አዲስ ቤት እስካሁን አላገኘነውም። ስልካቸው አይሠራም፤ በየመንደሩ ብንጠይቅም የሚያውቃቸው አልተገኘም። እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። ፎቶዋቸው የለኝም። ረቡዕ ሲመጣ በስልክ በምናደርገው ጸሎት ስማቸውን ሳንጠራ አናልፍም። እኛ ባናያቸውም የሚያያቸው አምላክ አለ፤ አጋር በምድረ በዳ ያወቀችው ይህንን ነው (ዘፍጥረት 16)። ቢሆንም መፈለጋችንን አላቆምንም።

በዚህ ሳምንት

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ነገር ትልቅ ካሜራ አያስፈልጋችሁም። ዛሬ በብዙዎቻችን ኪስ ያለው ስልክ በምሽት ማንሳት ይችላል። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡ። ፀሐይ ከጠለቀች ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ የቤታችሁን መብራት አብሩ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡና ቤታችሁን ከመንገድ እዩት። ስልኩን በአንድ ነገር ላይ አስደግፋችሁ አንሱት። ኪራይ ቤት ቢሆን፣ ኮንዶሚኒየም ቢሆን፣ ግድግዳው ቢላጥ አታስቡ። ልጆቻችሁን ‹‹ጌታ በዚህ ቤት ምን አደረገልን?›› ብላችሁ ጠይቋቸውና መልሳቸውን ጻፉት። ከዚያም በሰፈራችሁ ያሉትን ሽማግሌ እናት ወይም አባት ጎብኙ፤ የእርሳቸውንም አንሱላቸው፤ ታሪካቸውን ጠይቋቸው። እማማ መስኮታቸው ምን እንደነበረች የነገሩኝ ሊፈርስ ሲል ነው። በየሰፈራችን ገና ያልተነገሩ ስንት መስኮቶች ይኖሩ ይሆን?

የአብርሃም ልጆች ነንና በድንኳን መኖርን እናውቃለን። እርሱ መሠረት ያላትን፣ እግዚአብሔር የሠራትን ከተማ ይጠባበቅ ነበር (ዕብራውያን 11፡9-10)። በዚህ ምድር ያሉ ቤቶቻችን ይሠራሉ፣ ይፈርሳሉ፣ እንደገናም ይሠራሉ። በእነርሱ ውስጥ የበራው ብርሃን ግን ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል፤ ብርድ ልብስም አያስቀረውም፤ ግድግዳም ሲፈርስ አይጠፋም። ሃያዋ ደቂቃ ሳታልፍ እንየው፤ ለልጆቻችንም እናሳየው።

የሁላችን አባት እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ መብራታችሁንም ከሩቅ የሚታይ ያድርገው። አሜን።